በዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስን ልክ አስቀድሞ የማወቅ ጥረት

የቅርቡን እያዩ የሩቁን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች መነጽር ማድረጋቸው ወይም ኮርኒያን በጨረር የማስተካከል ሕክምና መውሰዳቸው የተለመደ ነው። የእይታ ጉድለታቸው ከፍተኛ የሆነና ኮርኒያቸው ስስ በመሆኑ ለጨረር ሕክምና የማይመች ታካሚዎች ደግሞ ሌላ አማራጭ አላቸው። ይኸውም የተፈጥሮው ሌንስ ሳይነካ፣ በእርሱና የዓይን ቀለም በሚታይበት አይሪስ መካከል ስስና ተጣጣፊ ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከል ነው።

ስታር ሰርጂካል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው የዚህ ዓይነት ሌንስ ከአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ በ2005 ነው። በመሐሉ 0.36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ የተበጀለት አዲሱ ዓይነት ደግሞ በ2022 በዚያው አገር ጸድቋል። ቀዳዳው የዓይን ፈሳሽ እንዲተላለፍ ስለሚያደርግ ቀደም ሲል አይሪስን በጨረር የመብሳት አስፈላጊነት ቀርቷል።

ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምናው ዋነኛ ፈተና አሁንም የልክ ጉዳይ ነው። ሌንሱ ጫፎቹን ከአይሪስ ጀርባ በሚገኘው ጎድጎድ ላይ አሳርፎ ከተፈጥሮው ሌንስ በላይ እንደ ቅስት ይቆማል። በሁለቱ ሌንሶች መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ250 እስከ 750 ማይክሮን ቢሆን እንደሚመረጥ የዘርፉ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ርቀት ነው፤ ሐኪሞችም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በማጉያ መሣሪያ ሲመለከቱት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነው የኮርኒያ ውፍረት ጋር በማነጻጸር ይገምቱታል።

ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ከጠበበ የተፈጥሮው ሌንስ ደፍርሶ የዓይን ሞራ ሊፈጠር ይችላል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ አይሪስ ወደ ፊት ተገፍቶ የፈሳሹን መውጫ ስለሚያጠብ የዓይን ግፊት ሊጨምርና ለግላኮማ ሊያጋልጥ ይችላል። በአሜሪካ አዲሱ ዓይነት በ2022 ሲጸድቅ የተፈቀደው ከ21 እስከ 45 ዓመት ለሆናቸው ሰዎች በመሆኑ ስህተቱ የሚያርፈው ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል በሚችል ዓይን ላይ ነው።

ለምርጫ የሚቀርቡት የሌንስ ልኮች ደግሞ አራት ብቻ ናቸው፤ 12.1፣ 12.6፣ 13.2 እና 13.7 ሚሊ ሜትር። አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ክፍተቱን በመቶዎች በሚቆጠር ማይክሮን ሊለውጠው ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌንሱ የሚያርፍበት ጎድጎድ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ዘዴ የኮርኒያን አግድም ስፋት ከአንዱ የነጭ ክፍል ጠርዝ እስከ ሌላው ለክቶ፣ የዓይንን የፊት ክፍል ጥልቀት በማከል የውስጡን መገመት ነው። የውጩና የውስጡ ስፋት ግን ሁልጊዜ አይመጣጠኑም። እግርን ሳይለኩ በቁመት ብቻ ጫማ እንደ መምረጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመሆኑም ሌሎች መለኪያዎች ወደ ሥራ ገብተዋል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው አልትራሳውንድ አይሪስን አልፎ ጎድጎዱን በቀጥታ ያሳያል፤ ሆኖም ውጤቱ በመርማሪው ልምድ ላይ የሚመሠረት ነው። በብርሃን የሚሠራው የዓይን ምስል መሣሪያ በአንጻሩ ዓይንን ሳይነካ በጥራት ይለካል፤ ነገር ግን ብርሃኑ የአይሪስን ቀለም ዘልቆ ስለማያልፍ ከጀርባ ያለውን አያሳይም። የጃፓን ሐኪሞች ከዚህ መሣሪያ በሚገኙ ልኬቶች ላይ የተመሠረቱ የመተንበያ ቀመሮች ያዘጋጁ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቀደም ሲል በታከሙ ዓይኖች መረጃ የሠለጠኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ተጨምረዋል። በአንድ ሕዝብ ዓይን ላይ የተዘጋጀ ቀመር በሌላው ላይ ሳይፈተሽ እንዳለ መወሰዱ ግን አስተማማኝ አይደለም።

ትንበያው ሳይሳካ ሲቀር መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ጎድጎዱ በአብዛኛው ሰው ከአግድሙ ይልቅ በቁመቱ ስለሚሰፋ፣ ከፍ ብሎ የቆመን ሌንስ ወደ ቁመት በማዞር ክፍተቱን መቀነስ ይቻላል። ይህ ዘዴ የዓይንን ጠማማነት ጭምር ለሚያርሙ ሌንሶች አያገለግልም፤ እነርሱ በተወሰነ አቅጣጫ ብቻ መቀመጥ አለባቸውና። በዚህ ጊዜ ሌንሱን አውጥቶ በሌላ ልክ መተካት ይቻላል፤ ይህም ለታካሚው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ነው።

የተስተካከለውም ክፍተት ቢሆን ባለበት አይቆይም። ደማቅ ብርሃን ላይ ብሌኑ ሲጠብ ክፍተቱ ይቀንሳል፣ በጨለማ ይሰፋል። ዕድሜ ሲገፋም የተፈጥሮው ሌንስ እየወፈረ ስለሚሄድ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ይጠባል፤ ታካሚዎች እይታቸው መልካም ሆኖ ሳለ እንኳ በየጊዜው ለምርመራ እንዲመለሱ የሚጠየቁትም በዚህ ምክንያት ነው።