ስኩተር ይዞ ወደ ካሪቢያን ባሕር

ረጅም መንገድ መራመድ የማይችል ሰው ሽርሽር ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ደረጃው፣ የፈራረሰው የእግረኛ መንገድና የአውቶቡሱ ከፍታ ነው። ከማያሚና ከፎርት ሎደርዴል ተነሥተው የካሪቢያንን ሞቃት ባሕር የሚያቋርጡት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ግን ለእንዲህ ያለው መንገደኛ ከብዙ ከተሞች ይመቻሉ። መኝታው ራሱ ከደሴት ደሴት ይጓዛል፤ ሻንጣ አንዴ ተፈቶ እስከ መመለሻው ቀን አይነካም፤ ምግብ ቤቱ፣ የትርኢት አዳራሹና መዋኛው በሊፍት ይገናኛሉ።

የአካል ጉዳተኞች ስኩተር በባትሪ የምትሠራ፣ ሦስት ወይም አራት ጎማ ያላት፣ በእጅ መሪ የምትነዳ ወንበር ናት። ከተጠቃሚዎቿ ብዙዎቹ ቆመው ጥቂት እርምጃ መራመድ ይችላሉ፤ የሚያቅታቸው ርቀቱ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የቧንቧና የማሞቂያ ሥራ ይሠራ የነበረው አለን ቲም እ.ኤ.አ. በ1968 በሕመም መራመድ ለተሳነው የቤተሰቡ አባል የሠራት «አሚጎ» ከዚህ ዓይነት መሣሪያ ቀዳሚዎቹ አንዷ ናት።

ስኩተሯ መርከብ ላይ ተመችቷት እንድትሄድ የሕግ ክርክርም አስፈልጓል። አብዛኞቹ የመዝናኛ መርከቦች የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገርን ሰንደቅ ስለሚያውለበልቡ፣ እ.ኤ.አ. የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይመለከታቸዋል ወይስ አይመለከታቸውም የሚለው አከራካሪ ነበር። ከሂውስተን የተሳፈሩ አካል ጉዳተኞች ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለውን ኩባንያ ከስሰው ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ውኃ ላይ ያለ የውጭ መርከብም ለሕጉ ተገዢ መሆኑን ወሰነ፤ ከዓለም አቀፍ የደኅንነት ግዴታ ጋር የሚጋጭ የመርከብ ለውጥ ግን ሕጉ እንደማያስገድድ አስታወቀ።

በመርከቡ ውስጥ ወሳኙ ነገር የመኝታ ክፍሉ ነው። የተራ ክፍል በር ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ስኩተር አያሳልፍም። ለአካል ጉዳተኞች የተሠራው ክፍል በር ግን ወደ 81 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የመታጠቢያው ወለልም እርከን የለውም። እነዚህ ክፍሎች ጥቂት በመሆናቸው ቶሎ ያልቃሉ። ስኩተርን ኮሪደር ላይ ማቆም ደግሞ አይፈቀድም፤ አደጋ ሲደርስ መውጫ ትዘጋለች። በአደጋ ጊዜ ሊፍት ስለማይሠራ፣ እርዳታ የሚሻ መንገደኛ ገና ሲሳፈር ስሙን ማስመዝገብ አለበት።

ትልቁ ፈተና ያለው በመርከቡና በየብሱ መካከል ነው። በኮዙሜል፣ በናሶ፣ በአሩባና በሳን ሁዋን መርከቡ ወደቡን ተጠግቶ ስለሚቆም ስኩተሯ በመሻገሪያው ላይ ተነድታ ትወርዳለች። በግራንድ ካይማን ግን መርከቡ ራቅ ብሎ መልሕቅ ይጥላል፤ መንገደኛው በትንሽ አመላላሽ ጀልባ ይሄዳል። በቤሊዝ ሲቲም ጠረፉ ጥልቀት ስለሌለው ትልልቅ መርከቦች ሊጠጉ አይችሉም። ጀልባዋ ከመርከቡ ጎን በማዕበል ከፍ ዝቅ ስትል ከባድ ስኩተር ማሻገር አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ እዚያው ሊከለክሉ ይችላሉ። ወደብ ላይ መውረድ ብቻውንም አይበቃም። የድሮዋ ሳን ሁዋን ዳገትና የድንጋይ ንጣፍ ይበዛባታል፤ የአሩባዋ ኦራንየስታድ ግን ሜዳ ናት።

የባሕር ዳርቻው አሸዋም ለትንንሽ ጎማ አይሆንም፤ ጨዋማ ውኃም የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ያበላሻል። በአንዳንድ ዳርቻዎች ሰፋፊ በአየር የተሞላ ጎማ ያላቸው የአሸዋ ዊልቸሮች ይገኛሉ። ወደ ማያሚ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ደግሞ የባትሪውን ዓይነት አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ማስታወቅ አለበት፤ ተነቃይ የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ዋት-ሰዓት መብለጥ የለበትም።

ስለዚህ፣ ጉዞ የምትመርጡ፣ በተለይም በአሜሪካ የምትኖሩና አቅመ ደካማ እናት አባታችሁን ባሕር ልታሳዩ ያሰባችሁ አንባቢዎች፣ ከመርከቡ ውበት በፊት የወደቦቹን ዝርዝር አንብቡ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ በየትኞቹ ወደቦች መርከቡ ተጠግቶ ይቆማል? የክፍሉ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የስኩተሯ ክብደትና ባትሪ ተፈቅዷል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።