ባሕር ዛፋችሁ በርካሽ እንዳይሸጥ



በአል ዋርቃም ሆነ በሌላው የዱባይ ሰፈር ሠርታችሁ የላካችሁት ገንዘብ አገር ቤት ባሕር ዛፍ የሆነላችሁ አላችሁ። ችግኙ ተገዝቶ፣ ታጥሮ፣ ዓመታት ቆይቶ ሲደርስ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። «ነጋዴ መጥቷል፤ ለሁሉም ይህን ያህል እሰጣለሁ ይላል፤ እንሽጥ ወይ?» «እሺ» ከማለታችሁ በፊት የሚከተለውን አስቡበት። ዛፍ አንዴ ከተቆረጠ በዋጋው መከራከር አይቻልም።

1. ሳይቆጠር አይሸጥ። ነጋዴ በቁሙ፣ በድፍኑ መግዛት ይወዳል። ዓይኑ ስለለመደ ስንት ማገር፣ ስንት ወራጅ፣ ስንት ቋሚ እንደሚወጣው በግምት ያውቃል። ቤተሰብ ግን የሚያውቀው የመሬቱን ስፋት ብቻ ነው። ዋጋ የሚለየው ደግሞ በውፍረቱ፣ በርዝመቱና በቀጥታነቱ ነው። ስለዚህ ወንድም ወይም አባት ቀጭኑን፣ መካከለኛውንና ወፍራሙን ለየብቻ ቆጥረው ይጻፉት፤ ወረቀቱንም ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ።

2. የከተማውን ዋጋ ጠይቁ። በቅርብ ከተማ እንጨት መሸጫ ሄዶ የየዓይነቱን ዋጋ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም። ከዚያም ቢያንስ ሦስት ነጋዴዎችን አነጋግሩ። የድሮውን ዋጋ መለኪያ አታድርጉ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብር ብዙ ረክሷል። ትናንት ብዙ የነበረ ብር ዛሬ ብዙ ላይሆን ይችላል።

3. አስሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንመልከት። 400 ቀጭን በ60 ብር፣ 450 መካከለኛ በ150 ብር፣ 150 ወፍራም በ400 ብር ከተማ ላይ ቢሸጥ በድምሩ 151,500 ብር ይሆናል። የመቁረጫ፣ የመላጫ፣ የጫኝና የመኪና ወጪ 35,000 ብር ቢሆን 116,500 ብር ይቀራል። ነጋዴው 90,000 ብር ካለ የምትከራከሩት በ26,500 ብሩ ላይ ነው። እሱም ትርፍ ያስፈልገዋል፤ ሁሉንም ግን ብቻውን አይውሰድ። ቅጠሉና ጭራሮው የማን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ማገዶም ገንዘብ ነው።

4. አትቸኩሉ። ባሕር ዛፍ እንደ እህል አይነቅዝም፤ ቆሞ ሲውል ይወፍራል። በክረምት መኪና በማይገባበት ጊዜ፣ ወይም በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ፣ ነጋዴ ይጠፋል፤ የመጣውም ዋጋ ይሰብራል። ለሕክምና ወይም ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ገንዘብ ካስፈለገ የሚበቃውን ያህል ብቻ ሽጡ፤ የቀረው ይቁም።

5. በወረቀት ይሁን። ውሉ የዛፉን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ተቆርጦ የሚያልቅበትን ቀንና የምስክሮችን ስም ይያዝ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ገንዘቡ ከመቆረጡ በፊት በባንክ ይግባ፤ «ሸጬ እከፍላለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። ደብተሩ በእናንተ ስም ከሆነ በዱባይ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ውክልና መስጠት ትችላላችሁ። ውክልናው ዛፉን ለመሸጥ ብቻ ይሁን፤ መሬቱን ለማከራየት ወይም ለማስተላለፍ የሚል አይግባበት።

6. ጉቶውን ጠብቁ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ የምትሸጡት እንጨቱን እንጂ ሥሩን አይደለም። በተሳለ መጥረቢያ ወይም በመጋዝ፣ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ፣ ሳይሰነጠቅ እንዲቆረጥ በውሉ አስገቡ። ሲያቆጠቁጥም ጥቂት ጠንካሮቹን ትቶ ሌላውን ማሳሳት ነው። ያን ጊዜ ችግኝ ሳትገዙ ሁለተኛ ምርት ታገኛላችሁ።

ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ግን እንደ ባሕር ዛፍ አይታዩም፤ አንድም ሳይነካ መጀመሪያ ወረዳው ይጠየቅ።

እንግዲህ ቀጥሎ ስልክ ሲደወል «ስንት ይሰጣል?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ነው? ቆጥራችሁታል?» በሉ። በሰው ቤት ደክማችሁ ያፈራችሁት ነውና በግምት አይሂድ።

ቸር ይግጠመን!