ለዘር ሐረግ መዝገብ የትኛው ኮምፒዩተር ያዋጣል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረውን ዘሩን በኮምፒዩተር መዝግቦ ለልጆቹ ለማቆየት ቢነሳ፣ ከጀሞም ይግዛ ከመርካቶ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

ሥራው ኃይለኛ መሣሪያ አይጠይቅም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ፣ ሳይጨመቅ 25 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ 1,000 ፎቶግራፍ 25 ጊጋ ባይት መሆኑ ነው። ስለዚህ 8 ጊጋ ባይት ራምና 256 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም በባትሪ ስለሚሠራ ከዴስክቶፕ ይመረጣል። የተረፈው ገንዘብ ለስካነርና መጠባበቂያ ቅጂ ለሚያዝበት ሃርድ ዲስክ ቢውል ይሻላል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ይጠንቀቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉት አብዛኞቹ ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደሉም። ሻጩ «ይሠራል» ቢልም የፕሮሰሰሩን ትውልድ ሳያዩ አይክፈሉ።

ለፕሮግራም ወጪ ማውጣት ግድ አይደለም። ግራምፕስ የተባለው የዘር ሐረግ መመዝገቢያ በነፃ ይገኛል፤ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ የአባት ስምንም ለይቶ ይይዛል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ግን ስለማያውቅ፣ የልደትና የሞት ቀን «ዓ.ም.» ተብሎ በማስታወሻ ቢጻፍ ከስህተት ያድናል።

ኮምፒዩተር ዛሬ ባይገዛ ነገም ገበያ ላይ አይጠፋም። የአያት ትዝታ ግን ምትክ የለውም። ግዢው እስኪሟላ ድረስ በእጅ ባለው ስልክ የአዛውንቱን ቃል መቅዳት ይቀድማል።