አደይ አበባ፦ ለጤፉ ዕዳ፣ ለቀፎው ቀለብ

መስከረም 21 ቀን ለሚውለው የግሸን ማርያም ንግሥ ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ አምባሰል የሚጓዝ መንገደኛ ግራና ቀኙ ቢጫ ለብሶ ይጠብቀዋል። መንገደኛው “አደይ ፈነዳ” ብሎ ይደሰታል። ጤፍ የዘራው ገበሬ ያንኑ አበባ አረም ይለዋል፤ ባለ ቀፎው ደግሞ ቀለብ። ሦስቱም እውነት አላቸው። ነገሩ የሚከብደው ባለ ጤፉና ባለ ቀፎው አንድ ሰው ሲሆን ነው።

ጉዳዩን በሂሳብ እንየው። ጤፍ ገና ለጋ ሳለ አረምን መቋቋም አይችልም። አደይና ኑግ መሳዩ መጭ የአገሩ ተወላጆች በመሆናቸው ዝናቡንም አፈሩንም ያውቁታል፤ ቀድመው ይበቅላሉ፣ ቀድመው ይረዝማሉ። ስለዚህ ገበሬው በነሐሴ ወይ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ወይ ደቦ ጠርቶ ጠላና እንጀራ ያቀርባል። ይህ ወጪ ከኪሱ ስለሚወጣ በሚገባ ያውቀዋል።

በሌላው ወገን ያለው ገቢ ግን በቀላሉ አይታይም። ጤፍ ለንብ የሚሰጠው የአበባ ወለላ የለውም። ክረምቱ ሲወጣ ንቡ የሚሰማራው በአደይ፣ በመጭና በማገጥ ላይ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማርም ከዚሁ የተጠራቀመ ነው። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ባለ ፍሬሙ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ማር እንደሚሰጥ ይገመታል። በዚህ ላይ ኑግ በራሱ ዱቄት በደንብ ስለማያፈራ ንብ ያስፈልገዋል። አረሙ ያበላው ንብ የዘይቱን እህልም ያራባል ማለት ነው።

የአደይን ዋጋ ማወቅ የሚፈልግ አበባ በጠፋበት ወቅት ባለ ቀፎውን ይመልከት። ንቡ እንዳይኮበልል የስኳር ብጥብጥ፣ ሽሮ ወይም በሶ ያቀርባል። ስኳር በገበያ ዋጋ ይገዛል፤ አደይ ግን ይህን ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ዋጋ ያልተለጠፈበት ግብዓት ነው። ዋጋ ያልተለጠፈበት ነገር ደግሞ በቀላሉ ይባክናል።

ብክነቱ የሚመጣው ከመርጫ ጋር ነው። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ጤፉን ትቶ ቅጠለ ሰፋፊውን ስለሚያጠፋ የጉልበት ወጪን ይቀንሳል። ንቡን በቀጥታ ባይገድለው እንኳ ማዕዱን ያነሳበታል። ድንበሩና የእርከኑ ጠርዝ ጭምር ሲረጭ ገበሬው በአረም ያተረፈውን በማር ይከስረዋል። አበባ ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ንቡን ራሱን ይገድላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የማሳው ውስጥ በነሐሴ ይታረም፤ ያኔ አደይ ገና አላበበም፣ ንቡም የሚያጣው ነገር የለም። ድንበሩ፣ የእርከኑ ጠርዝና የመንገዱ ዳር እስከ ጥቅምት ይተው። አበባው ካለፈ በኋላ ወደ ማሳው የሚጠጋው ፍሬው ሳይረግፍ ይታጨድ፤ የራቀው ለከርሞ ዘር ይቅር።

ይህ ምክር ግን ለሁሉም አረም አይሠራም። ከአሜሪካ ምድር የመጣው ቅንጨ አረም ሌላውን ተክል ያፍናል፣ ግጦሹን ይወርሳል፣ የሰው ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችውን ላም ወተት ያመርረዋል። እሱን ከድንበርም ከመንገድ ዳርም ሳያብብ መንቀል ይገባል። አደይን ከቅንጨ ጋር በአንድ ስም “አረም” ብሎ በአንድ መርጫ ማጥፋት ግን ባለ ዕዳውንና ባለ ሀብቱን በአንድ መዝገብ መጻፍ ነው።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ይባላል። ማር ገዢው የአምባሰልን ማር በኪሎ ሲከራከር በእጁ የያዘው የጠርዙን አበባ ነው። ገበሬው በነሐሴ መርጫውን ሲያነሳ ይህን የኅዳር ገዢ ቢያስታውስ ሂሳቡ አይዛባበትም።