የጉልበት መጋጠሚያ በምን ይጸናል?

በአማርኛ ቋንቋ «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው መጋጠሚያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ኀይል ወይም ብርታት ነው። ለሁለቱ አንድ ስም የተሰጠው ስለ ምን እንደ ሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሩት፤ የሰውን አካል ለሚያጠና ተማሪ ግን ስሙ እጅግ የተስማማ ሆኖ ይገኛል። የጉልበት መጋጠሚያ ከአጥንቱ ቅርጽ የሚያገኘው ጽናት ጥቂት ነው፤ የሚበዛውን የሚያገኘው ከጅማቶቹና ከጡንቻዎቹ ኀይል ነውና።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሕክምና ተማሪ ብቻ አይደለም። በኳስ ሜዳ ጉልበቱ ተጣሞ የወደቀ ተማሪ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ይነሣል፤ «አጥንትህ ደኅና ነው» ይባላል፤ እብጠቱም በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይጐድላል። እሱም ድኛለሁ ብሎ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ነገር ግን አንድ ቀን ሮጦ በድንገት ለመዞር ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። አጥንቱ ደኅና ከሆነ ጉልበቱ ስለ ምን ከዳው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉልበትን አሠራር በአጭሩ ገልጦ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

1. ስለ አጥንቶቹ

በጉልበት መጋጠሚያ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ። እነርሱም ከላይ የጭን አጥንት፥ ከታች ትልቁ የቅልጥም አጥንት፥ ከፊት ደግሞ የጉልበት ሎሚ ናቸው። ከትልቁ ቅልጥም አጠገብ በውጭ በኩል ያለው ቀጭን አጥንት ከመጋጠሚያው ውስጥ አይገባም፤ ሥራው የውጭውን የጐን ጅማት መያዝ ነው።

የጭን አጥንት በታችኛው ጫፉ ሁለት ክብ ጕብታዎች አሉት። እነዚህ ጕብታዎች የሚያርፉበት የቅልጥም አጥንት ፊት ግን ጠፍጣፋ ነው ለማለት ይቻላል። በውስጥ በኩል ጥቂት ጐድጐድ ይላል፤ በውጭ በኩል ደግሞ ጥቂት ጐበጥ ይላል። ይህን ከዳሌ መጋጠሚያ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ግልጥ ነው። በዳሌ፥ የጭን አጥንት ራስ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ይገባል፤ በቀላሉም አይወጣም። ጉልበት ግን ሁለት ብርቱካን በጠፍጣፋ ሳህን ላይ እንደ ማስቀመጥ ያለ ነው። ጅማትና ጡንቻ ባይኖሩ ኖሮ አጥንቶቹ ብቻቸውን አንድ እርምጃ እንኳ ባልተሸከሙን ነበር።

ይህ አሠራር ዋጋ ቢያስከፍልም ጥቅም አለው። ጉልበት ከተዘረጋበት ተነሥቶ 135 ዲግሪ ያህል ለመታጠፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሰው ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፥ ዳገት ይወጣል፥ ይሮጣል። በታጠፈም ጊዜ ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። አጥንቶቹ በጥልቅ ተቈላልፈው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል እንቅስቃሴ ባልተገኘም ነበር።

2. ስለ ጨረቃ መሰሎቹ ልም አጥንቶች

በክቡና በጠፍጣፋው አጥንት መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሟሉ ሁለት ልም አጥንቶች አሉ። ቅርጻቸው ግማሽ ጨረቃ ስለሚመስል ሊቃውንት ሜኒስከስ ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም በግሪክኛ ትንሽ ጨረቃ ማለት ነው። የውጭ ጠርዛቸው ወፍራም፥ የውስጥ ጠርዛቸው ቀጭን ስለ ሆነ፥ እንዳይንከባለል ከክብ ነገር ሥር እንደሚደረግ ሽብልቅ ያገለግላሉ። ከዚህም በላይ የሰውነትን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍላሉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆን ብላንድ ሰተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እነዚህን ልም አጥንቶች ጥቅም የሌላቸው የጥንት ጡንቻ ቅሬታዎች አድርጎ ይቈጥራቸው ነበር። ስለዚህም ሐኪሞች የተቀደደውን ሜኒስከስ በሙሉ ቈርጠው ማውጣት ለብዙ ዘመን ልማዳቸው ሆኖ ቈየ። እ.ኤ.አ. በ1948 ግን ፌርባንክ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ሜኒስከሳቸው የወጣላቸውን ሰዎች ጉልበት በራጅ መርምሮ፥ በመጋጠሚያው አጥንቶች ላይ ለውጥ እንደሚታይ አስረዳ። ዛሬ ሐኪሞች የተቀደደውን ለመስፋት፥ ይህም ባይቻል የተበላሸውን ክፍል ብቻ ለማንሣት ይጥራሉ። መስፋቱ የሚሳካው ይልቁንም በውጭው ጠርዝ በኩል ነው፤ የውስጠኛው ክፍል ደም ስለማይደርሰው በቀላሉ አይሽርም።

የውስጡ ሜኒስከስ ከውስጡ የጐን ጅማት ጋር ተጣብቋል፤ የውጭው ግን ከጐረቤቱ ጅማት ጋር ስላልተያያዘ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። የውስጡ በቦታው የታሰረ በመሆኑ፥ ጉልበት ሲጠመዘዝ ሸሽቶ ለማምለጥ ያለው ዕድል ያነሰ ነው። አንዳንድ ጊዜ የተቀደደው ቍራጭ በአጥንቶቹ መካከል ይሰነቀርና ጉልበቱ አልዘረጋም ብሎ ይቀራል።

3. ስለ ማሰሪያ ጅማቶች

አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስሩ አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉ። ሥራቸውን ለመረዳት ድንኳንን ማሰብ ይበቃል። የድንኳን ምሰሶ በአራት ማዕዘን በተወጠሩ አውታሮች ይቆማል፤ አንዱ አውታር ቢበጠስ ምሰሶው ወደ ተቃራኒው ወገን ያዘነብላል። ጉልበትም እንዲሁ ነው።

ሁለቱ የጐን ጅማቶች ናቸው። በውስጥ በኩል ያለው ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይሰበር፥ በውጭ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ውጭ እንዳይቀለበስ ይከላከላሉ። የቀሩት ሁለቱ በመጋጠሚያው መካከል እንደ መስቀል ተላልፈው ስለሚገኙ መስቀለኛ ጅማቶች ይባላሉ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ከቅልጥም አጥንት ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላና ወደ ላይ በመውጣት በጭን አጥንት የውጭ ጕብታ ላይ ይታሰራል፤ ቅልጥም ከጭን ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ከፊተኛው ይልቅ ወፍራምና ብርቱ ሲሆን፥ ቅልጥም ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዛል።

ይህን በሙከራ ካሳዩት መካከል ወንድማማቾቹ ጀርመናውያን ቪልሄልምና ኤድዋርድ ቬበር ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ ሰው አካሄድ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ መስቀለኛ ጅማት ሲቈረጥ አጥንቶቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለ ልክ እንደሚንሸራተቱ ገለጡ። ነገሩን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ አንባቢ ለበዓል ከታረደ በግ የኋላ እግር ጉልበቱን ቢከፍት፥ ሁለቱን መስቀለኛ ጅማቶችና ሁለቱን ጨረቃ መሰል ልም አጥንቶች ያገኛቸዋል።

ጅማቶቹ ሲጐዱ የሚድኑበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የውስጡ የጐን ጅማት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይጋጠማል። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን ፈጽሞ ከተበጠሰ በኋላ እንደ ቀድሞው ጠንክሮ የሚጋጠምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህም ጅማት ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ሌላ ሰው መትቶት አይደለም፤ ተጫዋቹ ዘሎ ሲያርፍ ወይም እየሮጠ ሳለ እግሩን ተክሎ በድንገት ሲዞር ነው።

4. ጉልበት ሲዘረጋ ስለ መቈለፉ

አንባቢ አሁኑኑ በራሱ ላይ ሊፈትነው የሚችል ነገር አለ። በወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ጉልበቱን አጥፎ፥ እጁን በቅልጥሙ ላይ አድርጎ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዙር። ቅልጥሙ ከእጁ በታች ሲዞር ይሰማዋል። ቀጥሎ እግሩን ፈጽሞ ዘርግቶ እንደገና ይሞክር። አሁን ቅልጥሙ ብቻውን አይዞርም፤ እግሩ ቢዞር እንኳ ጭኑ አብሮ ከዳሌው ይዞራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። እግር በአየር ላይ ሆኖ ጉልበት ሲዘረጋ፥ በመዘርጋቱ መጨረሻ ላይ ቅልጥም ጥቂት ወደ ውጭ ይዞራል። ያን ጊዜ ጅማቶቹ ይወጠራሉ፤ አጥንቶቹም ይጠባበቃሉ። እግር በመሬት ላይ ተተክሎ ከሆነ ደግሞ የጭን አጥንት ወደ ውስጥ በመዞር ይኸንኑ ሥራ ይፈጽማል። ለረጅም ሰዓት ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው የጭኑ ጡንቻ ቶሎ የማይዝልበት አንዱ ምክንያት ይህ መቈለፍ ነው። መታጠፍ ሲፈልግም ፖፕሊቲየስ የምትባል ከጉልበት ኋላ ያለች ትንሽ ጡንቻ መቈለፊያውን ትፈታለች።

5. ስለ ጡንቻዎች

እስካሁን ያየናቸው ጠባቂዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ባለቤታቸው በፈቃዱ ሊያዛቸው አይችልም። ጡንቻ ግን የሚታዘዝና በሥራ የሚጠነክር ጠባቂ ነው።

ከጭን ፊት ያለው ታላቅ ጡንቻ አራት ራሶች አሉት። አራቱም በአንድ ጅማት ተባብረው የጉልበትን ሎሚ ይይዛሉ፤ ከሎሚውም ወደ ቅልጥም ይወርዳሉ። የሎሚው ጥቅም ጅማቱን ከመጋጠሚያው መካከል ወደ ፊት ገፋ አድርጎ በመያዝ ለጡንቻው ስበት ብርታት መጨመር ነው። እግርን ዘርግቶ ጭንን ያላሉ ጊዜ ሎሚው በጣት ሲገፉት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጭንን ያጠበቁ ጊዜ ግን አይነቃነቅም። ከጭን ኋላ ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ጅማቶቻቸው ቋንጃ የምንላቸው ናቸው። እነዚህ ቅልጥምን ወደ ኋላ ስለሚስቡ ለፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ታላቅ ረዳቶች ናቸው።

ጉልበት በተጐዳና ባበጠ ጊዜ የጭኑ የፊት ጡንቻ ወዲያው መድከምና መክሳት ይጀምራል። ምክንያቱም የመጋጠሚያው እብጠት ራሱ በነርቭ በኩል የጡንቻውን ሥራ ያግዳል። ስለዚህ ጅማቱ በተበጠሰበት ሰዓት፥ ሊተካው የሚገባው ጡንቻም ይዝላል። መጀመሪያ የጠየቅነው ተማሪ ጉልበቱ የከዳው በዚህ ነው። አንዱ አውታር ተበጥሷል፤ የቀረው ጠባቂም ደክሟል።

ጡንቻን የማጠንከር ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ በስዊድን አገር የተደረገ አንድ ጥናት ያስረዳል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው በዚህ ጥናት፥ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማታቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ። 62ቱ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ልምምድ ሲያደርጉ፥ 59ኙ በልምምድ ብቻ ጀምረው ቀዶ ሕክምናው ካስፈለገ ኋላ እንዲደረግላቸው ተወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ጉልበታቸው ሁኔታ ሲጠየቁ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚያስታውቅ ልዩነት አልተገኘም፤ ከ59ኙም 36ቱ እስከዚያ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ቈይተዋል። ይህ ማለት ቀዶ ሕክምና ለማንም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሙያቸው ስፖርት የሆነ ሰዎች በጥናቱ አልገቡም፤ ደጋግሞ የሚከዳ ጉልበትም ሜኒስከሱን ያበላሻል። ነገር ግን በሥርዐት የተደረገ ልምምድ ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑን ያሳያል።

6. ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

አንደኛ፥ ራጅ አጥንትን ያሳያል እንጂ ጅማትንና ሜኒስከስን አያሳይም። ስለዚህ «አጥንትህ ደኅና ነው» የሚለው ቃል «ጉልበትህ ደኅና ነው» ማለት አይደለም። ልምድ ያለው ሐኪም ቅልጥሙን በእጁ ስቦ የጅማቱን መላላት ሊያውቅ ይችላል፤ ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ባለበት ደግሞ ጅማቱ ራሱ በሥዕል ይታያል።

ሁለተኛ፥ ጉልበት ከተጠመዘዘ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቢያብጥ፥ ብዙ ጊዜ በውስጡ ደም መፍሰሱን ያመለክታል፤ በማግሥቱ ቀስ ብሎ ከሚያብጠው ይልቅ የሚያሠጋ ነው። ሰውዬው እግሩን ሊረግጥ ባይችል፥ ጉልበቱ አልዘረጋ ቢል ወይም ቢከዳው፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል።

ሦስተኛ፥ ወጌሻ በአገራችን የቈየ ልምድ ያለውና ሕዝብ የሚያከብረው ባለሙያ ነው። ሆኖም አዲስ የደማ ጉልበት መታሸት የለበትም። ለጊዜው ማሳረፍ፥ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ነገር ማብረድ፥ በጨርቅ መጠቅለልና እግሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

አራተኛ፥ የእብጠት መጕደልና የጉልበት መጽናት አንድ አይደሉም። ወደ ሜዳ የመመለሻው ጊዜ የሚለካው በተጐዳው እግር ጡንቻ ብርታት ነው። የሁለቱን ጭኖች ውፍረት በክር ለክቶ ማስተያየት እንኳ፥ ፍጹም መለኪያ ባይሆንም፥ የከሳውን ጭን ሊገልጥ ይችላል።

ስንጠቀልለው፥ ጉልበት አጥንቱ ጥቂት፥ ልም አጥንቱና ጅማቱ ብዙ የሚያግዙት፥ ጡንቻው ግን ዕለት ዕለት የሚጠብቀው መጋጠሚያ ነው። አጥንትንና ጅማትን እንደ ተፈጥሯቸው ተቀብለናል። ጡንቻን ግን በየቀኑ ማበርታት ወይም ማድከም በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ የኳስ ቡድኖቻችን ከጨዋታ በፊት ለጭንና ለቋንጃ ልምምድ፥ ዘሎ በትክክል ለማረፍም ትምህርት ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡ፥ ከብዙ ወራት ሕመም የሚድኑ ጓደኞች ይኖሩናል።