የዘይቱ ጕድጓድና የዘይቱ ገበያ

አንድ አገር ከመሬቱ በታች ሀብት ስላለው ብቻ ሀብታም ነው ሊባል ይችላልን? ስለዚህ ጉዳይ በየመኝታ ክፍሉና በየምግብ አዳራሹ ስንከራከር ብዙ ጊዜ ይመሻል። አንዱ «ማዕድናችን ይውጣ እንጂ ሁሉም ይስተካከላል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ኃያላኑ መቼ ይለቁልንና!» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ክርክሩ በስሜት ብቻ እንዳይቀር፣ አንድ የታወቀ ታሪክ ይዘን ብንመረምር ይሻላል። ታሪኩም የኢራን ነዳጅ ዘይት ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1901 የኢራን ንጉሥ ዊልያም ዳርሲ ለተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ፣ ከአምስቱ የሰሜን አውራጃዎች በቀር በአገሩ ሁሉ ዘይት እየፈለገ እንዲያወጣ የ60 ዓመት ፈቃድ ሰጠው። ለዚህም ዋጋ የተዋዋሉት 20,000 ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ፣ ይህንኑ ያህል በአክሲዮን፣ ከተጣራው ትርፍም 16 በመቶ ነበር። ዘይቱ በ1908 ተገኘ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ያዛውር ስለ ነበር፣ በ1914 በዊንስተን ቸርችል ግፊት መንግሥቱ ራሱ ከኩባንያው አክሲዮን 51 በመቶውን ገዛ። ከዚያ ወዲህ ኢራን ከኩባንያው ጋር ስትከራከር የምትሟገተው ከነጋዴ ጋር ብቻ ሳይሆን የጦር መርከብ ካለው መንግሥትም ጋር ሆነ።

በውሉ ውስጥ «የተጣራ ትርፍ» የምትለዋን ቃል ልብ እንበል። ትርፉን የሚያጣራው ማን ነው? ሒሳቡ የሚሠራው ለንደን ነበር፤ ኢራንም መዝገቡን እንደ ልቧ መመርመር አልቻለችም። ውሉ በ1933 ቢሻሻልም ዘመኑ እስከ 1993 ተራዘመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የእንግሊዝ መንግሥት ከኩባንያው በግብር የሚያገኘው ገንዘብ የዘይቱ ባለቤት ኢራን ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። በአባዳን ከተማ በዓለም ትልቁ የዘይት ማጣሪያ ሲሠራ፣ ከአጠገቡ ኢራናውያን ሠራተኞች በጎስቋላ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። በ1950 መጨረሻ በሳውዲ ዓረቢያ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ትርፉን እኩል ለመካፈል ሲስማማ፣ የኢራን ሕዝብ ቍጣ ጨመረ።

በመጋቢት 1951 የኢራን ፓርላማ ዘይቱ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ወሰነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የዚህ ሐሳብ መሪ ዶክተር ሞሐመድ ሞሳዴቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እንግሊዝ በሔግ ወዳለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበች፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1952 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ። እንግዲህ ጕድጓዱ የኢራን ነው፤ ማጣሪያውም በእጇ ገብቷል። ታዲያ ምን ጐደለ?

የጐደለው ገበያው ነው። የእንግሊዝ ባለሙያዎች በ1951 አባዳንን ለቀው ሄዱ። ዘይት የሚጭኑት መርከቦች በአብዛኛው የሌሎች ነበሩ። ታላላቆቹ የዘይት ኩባንያዎች የኢራንን ዘይት አንገዛም አሉ፤ በኢራን ምትክም ከኩዌት፣ ከሳውዲ ዓረቢያና ከኢራቅ የሚወጣውን ጨመሩ። በ1952 የኢራንን ዘይት የጫነች ሮዝ ሜሪ የተባለች መርከብ ወደ ዓደን ወደብ እንድትገባ ተገደደች፤ ጭነቱም በፍርድ ቤት ተያዘ። ይህን ያየ ሌላ ገዢ ፈራ። ስለዚህ ኢራን በዘይት ላይ ተቀምጣ ለሠራተኞቿ ደመወዝ መክፈል አስቸገራት።

አሜሪካ በመጀመሪያ ሸምጋይ ነበረች። በ1953 አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ግን፣ ኢራን በኮሙኒስቶች እጅ ትወድቃለች የሚለው የእንግሊዝ ክርክር ተሰሚነት አገኘ። የሁለቱ አገሮች የስለላ ድርጅቶች ሤራ ጠነሰሱ፤ ገንዘብ ተረጨ፤ ጋዜጦችና የጎዳና ሰልፈኞች ተገዙ። ነሐሴ 15 ቀን የተደረገው ሙከራ ከሸፈና ሻሁ ከአገር ሸሹ። በ19ኛው ቀን ግን ሞሳዴቅ ወደቁ። ሦስት ዓመት ታስረው፣ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1967 ድረስ ከመኖሪያቸው እንዳይወጡ ሆነው ኖሩ። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በነገሩ እጁ እንዳለበት የሚያምን ሰነድ በይፋ የወጣው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ጭነን ብንተወው ትምህርቱ ይጐድልብናል። የሞሳዴቅ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተለያይተው ነበር። አያቶላህ ካሻኒን የመሰሉ የቀድሞ ደጋፊዎች ከድተዋቸዋል። የዓለም ባንክ በ1952 ያቀረበውን ጊዜያዊ መፍትሔ አልተቀበሉም። በመጨረሻም በሕዝበ ውሳኔ ፓርላማውን መበተናቸው ለጠላቶቻቸው ምክንያት ሰጠ። ባዕድ የሚገባው በተከፈተ በር ነው።

በ1954 አዲስ ውል ተፈረመ። ዘይቱ በስም የኢራን ሆኖ ቀረ፤ ሥራውና ሽያጩ ግን ለኩባንያዎች ማኅበር ተሰጠ። ከማኅበሩ ድርሻ 40 በመቶው የቀድሞው ኩባንያ፣ 40 በመቶው የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ 14 በመቶው የሼል፣ 6 በመቶው የፈረንሳይ ሆነ። ኢራን የትርፉን እኩሌታ አገኘች፤ አስታራቂዋ አሜሪካም ተካፋይ ሆና ወጣች። ቂሙ ግን አልጠፋም። በ1979 አብዮት ሻሁ ሲወድቁ፣ በቴህራን ጎዳናዎች የ1953ቱ ነገር ይነሣ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? የመጀመሪያው፣ ጕድጓዱን መያዝ ሀብቱን መያዝ እንዳልሆነ ነው። መርከቡን፣ ገዢውን፣ መሐንዲሱንና የሒሳብ መዝገቡን ያልያዘ ባለርስት የራሱን ምርት ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለተኛው፣ ብቻውን የቆመ በቀላሉ እንደሚተካ ነው። በ1951 የጎረቤቶቿ ዘይት የኢራንን ቦታ ሞላ። በ1960 ግን ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳውዲ ዓረቢያና ቬኔዙዌላ ባግዳድ ላይ ተሰብስበው ኦፔክን መሠረቱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ነገ ከመካከላችን አንዳንዱ እንዲህ ያለ ውል በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ ይሆናል። በዚያን ሰዓት መፈክር አይረዳውም። «የተጣራ ትርፍ» የሚለውን ቃል አይቶ «የሚያጣራው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው፣ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ያመሸው ነው።