ያውቁ ኖሯል? ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሆነው በኦንላይን ለሚሸጡ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በስልካቸው ብቻ ልብስ፣ ቅባት፣ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ብዙ ነዋሪዎች አሏቸው። መንገድ ዳር ያለ ሱቅ በአላፊ አግዳሚው ዓይን ይገኛል፤ የኦንላይን ሱቅ ግን የሚገኘው ገዢው በሚጽፈው ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን ማወቅ ይገባል።

ያውቁ ኖሯል?

● "ጸጉር" እና "ፀጉር" ለእኛ አንድ ቃል፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ቃላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን መለያ ቁጥር አገኙ። "የፀጉር ቅባት" ብለው የለጠፉትን ዕቃ "የጸጉር ቅባት" ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። "የጠጉር ቅባት" የሚልም አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ፣ ሌሎቹን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡ።

● የከተማዎም ስም ከአንድ በላይ መልክ አለው። ሰበታ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ "ቢ" አንድ ናት፤ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ግን ትደገማለች። ደንበኛዎ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በቁቤ ሊጽፍ ይችላል። ሦስቱንም በገጽዎ መግለጫ ላይ ማኖር አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

● ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው ገዢው ነው። "ልዩ ኮሌክሽን ገብቷል" ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። የሚፈልገው "የሕፃናት የሀበሻ ቀሚስ" ብሎ ነው፤ ዕድሜና ቀለም የሚጨምርም አለ። ርዕስዎ ላይ ይህንኑ ይጻፉ።

● ዌብሳይት ያለው ሰው በገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላትን ደብቆ ቢደረድር ጉግል አይቆጥርለትም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጉግል ራሱ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት አሳውቋል። "በዚህ ዘዴ አንደኛ አደርግሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣብዎ ይህን ያስታውሱ።

● ጉግል የአካባቢ ሱቆችን ሲደረድር የሚያያቸው ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመድ፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና ሱቁ ምን ያህል የታወቀ መሆኑ። ቦሌ ቆሞ የሚፈልግ ሰው ዘንድ የቡራዩ ሱቅ በርቀት ይሸነፋል። ስለዚህ የተሟላ መረጃና የደንበኞች አስተያየት የእርስዎ ጉልበት ናቸው።

● የጉግል የንግድ ገጽ ለመክፈት ክፍያ የለም። ቤትዎ ሠርተው ራስዎ ለደንበኛ የሚያደርሱ ከሆነ የቤትዎን አድራሻ ሰውረው የሚያገለግሏቸውን አካባቢዎች ብቻ ማሳየት ይችላሉ፤ እስከ 20 ድረስ ይመዘግባሉ። ዓለም ገናን፣ አሸዋ ሜዳን አይርሱ። በሱቁ ስም ላይ ግን "ርካሽ፣ ምርጥ፣ ቡራዩ" እያሉ ቃላት መደርደር ደንብ መጣስ ነው።

● የሰዓት አቆጣጠራችን ሱቅዎን ሊያዘጋብዎት ይችላል። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው ጉግል ላይ "2:00" እና "12:00" ብሎ ቢሞላ፣ ጉግል የሚረዳው ከሌሊቱ 8 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት አድርጎ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ገዢው የሚያየው "ተዘግቷል" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይሆናል። ትክክለኛው አሞላል 8:00 እና 18:00 ነው። ዛሬውኑ ይመልከቱት።

● የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈርም አድራሻ አለ። ጉግል ካርታ ላይ ቦታውን በጣትዎ ተጭነው ሲይዙ "ፕላስ ኮድ" የተባለ አጭር መለያ ይመጣል። ይህን ለአድራሹ ቢልኩለት "ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" እያሉ አሥር ጊዜ ከመደወል ይድናሉ።

● የግል የሆነ የቴሌግራም ቻናል በፍለጋ አይገኝም። የሚገኘው ይፋዊ ቻናል ነው። የቻናሉ ስም ውስጥ የሚሸጡት ነገር ከሌለ ግን ይፋዊ መሆኑም ብዙ አይረዳዎትም።

● አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 50 ፎቶ ያለው የሱቅ ገጽ 200 ሜጋባይት ይበላል። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት ቢያሳንሱት ጠቅላላው 10 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ፓኬጁን የሚገዛው ደንበኛዎ ነው፤ ገጹ እስኪከፈት የሚጠብቀውም እሱ ነው። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የገጽን ፍጥነት በሞባይል ፍለጋ ደረጃ ውስጥ ይቆጥራል።

● ከ100 ተመልካች አንድ ገዢ የነበረው ሱቅ ሁለት ቢያገኝ ሽያጩ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም አንድ ተመልካች ሳይጨምር። ለማስታወቂያ ከመክፈል በፊት የመጣው ሰው ለምን ሳይገዛ እንደሄደ ማየት ይቀድማል።

● "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለው ልማድ ገዢን ያሸሻል። መርካቶ ውስጥ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ባለሱቁ ፊት ቆሟል፤ ስልክ ላይ ያለው ግን ወደሚቀጥለው ሱቅ ለመሄድ አንድ ጣት ይበቃዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ዋጋውን ይጻፉት።

● ባይማርድ የተባለው የዴንማርክ የጥናት ተቋም ከብዙ ጥናቶች አሰባስቦ እንዳሰላው፣ በዓለም ዙሪያ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ከሚያስገቡ 100 የኦንላይን ሸማቾች 70 ያህሉ ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ከምክንያቶቹ ቀዳሚው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ተጨማሪ ወጪ ነው። ከሱሉልታ ፒያሳ ስንት፣ ሜክሲኮ ስንት፣ ሲኤምሲ ስንት እንደሚያደርሱ ከዕቃው ዋጋ ሥር ያስቀምጡ።

● ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ገዢው ቀድሞ ለመክፈል መንገድ አላጣም፤ የሚያጣው እምነት ነው። "ዕቃውን አይተው ይክፈሉ" የሚል መስመር ከቻሉ ይጨምሩ፤ ካልቻሉ የመመለስና የመለወጥ ደንብዎን በግልጽ ይጻፉ።

● ቅናሽ እየሰጡ ጥሩ አስተያየት ማስጻፍ በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው። ያለ መደለያ "እባክዎ እውነተኛ አስተያየትዎን ይጻፉልን" ማለት ግን ይፈቀዳል። ለመጥፎ አስተያየት በትሕትና የተሰጠ መልስም የሚያነበውን ሁሉ ያሳምናል።

● ከሁሉ የሚበልጠው የቃላት መዝገብ የእርስዎ ስልክ ላይ አለ። ደንበኛ ሲደውል የሚናገራት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ናት፦ "ያቺ ሰፊዋ፣ ለልደት የምትሆነው፣ ነጯ ቀሚስ አለች?" አንድ ደብተር ይግዙ፤ ለአንድ ወር ያህል ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳያሳምሩ፣ ደንበኛው እንዳላት ይጻፏት። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ገልጠው የሸቀጦችዎን ርዕስ በእነዚያ ቃላት ይቀይሩ። ያን ጊዜ ቀጣዩ ገዢ ሳይደውል በፊት ያገኝዎታል።